የማን ሚስት?

«ከሐዘን ቤት እግር አይወጣም ብያለሁ!» አሉ አጎት ማሃቢር ትንባሆአቸውን መዳፋቸው ላይ እያሹ። «ያውም የሴት እግር! ያውም ለምርጫ!»

ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች አንገታቸውን ነቀነቁ። ሱናይና ከበሩ ጀርባ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። አማቷ ካረፉ ሳምንት አልሞላም። በቤቱ ጨው አይቀመስም፤ ባሏ ብሪጅናንዳን ጭንቅላቱን ተላጭቶ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ መሬት ላይ ይተኛል። የሕንዷ ቢሃር ግዛት ምክር ቤት ምርጫ ደግሞ ነገ ነው፤ እሱ እንደሆነ የማንንም ሐዘን አይጠብቅ።

አጎት ማሃቢር ለሟቿ አዝነው እንዳይመስላችሁ። የባለርስቱ ወዳጅ ናቸው፤ ባለርስቱም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነው፤ ድምፅ በሚጨመርበት ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ምልክት ጃንጥላ ነው። የታችኛው ሰፈር ሴቶች ግን ሊመርጡ ያሰቡት መሰላልን ነበር። የመሰላሉ ሰውዬ መምህር ነው፤ በሰፈራችሁ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ ብሎ የማለላቸው እሱ ብቻ ነዋ! እነዚያን ሴቶች ደግሞ በር በር እያንኳኩ ያሰለፉት ሟቿ ናቸው።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በመጀመሪያው ምርጫ፣ መዝጋቢው በራቸው ላይ ቆሞ «ስምዎ ማነው?» ቢላቸው፣ ሴትዮዋ ከውስጥ ሆነው «የብሪጅናንዳን እናት» አሉት። የጨዋ ሴት ስሟን ለባዕድ ወንድ ትናገራለች እንዴ! በምርጫው ቀን የክት ሳሪያቸውን ለብሰው፣ የአፍንጫ ቀለበታቸውን አድርገው ሄዱ። «የእገሌ እናት፣ የእገሌ ሚስት የሚል ሁሉ ተሰርዟል» ተባሉ። ከነሳሪያቸው ተመለሱ። ማታ ላይ እግራቸውን የምታሽላቸውን ሱናይናን ድንገት፣ «ስሜ ዱላሪ ነው» አሏት።

ሱናይና እጇ ቆመ። ያን ያህል ዘመን አብራቸው ስትኖር የአማቷን ስም ሰምታው አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! መዝጋቢው ዳግም ሲመጣ «ዱላሪ ዴቪ ብለህ ጻፍ፣ ወፍራም አድርገህ ጻፈው!» ብለው መንደሩን አናጉት። ዴቪ እንደ ወይዘሮ ያለ የክብር መጠሪያ ነው። ጎረቤቶቹንም «ስምሽ ከአፍሽ ቢወጣ ጥርስሽ አይረግፍም፣ ተናገሪ!» እያሉ አስመዘገቡ።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። በሰፈሩ ሱናይና የሚባሉ ሦስት ናቸው፣ ፑልዋ የሚባሉ አራት። ስለዚህ አስመራጩ «የማን ሚስት?» ማለቱ አይቀርም። ሚስት ደግሞ የባሏን ስም አትጠራም፤ ከጠራች ዕድሜውን ታሳጥራለች ይባላል። ዱላሪ ግቢያቸው ውስጥ እንደ አስመራጭ ተቀምጠው ሲያለማምዷቸው፣ ባሏ ሱራጅ፣ ማለትም ፀሐይ፣ የሚባለው ሴትዮ ቀና ብላ ወደ ሰማይ ጠቆመች።

«አስመራጩ ሰማይ ለሰማይ ሲያፈጥ ይዋልልሽ?» አሏት ዱላሪ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። «በቃ ተዉት። ባሎቻችሁን በሙሉ እኔ ነኝ ያሳደግኳቸው፤ አጠገባችሁ ቆሜ ስማቸውን እጠራላችኋለሁ። እናንተ ጣታችሁን ብቻ ለቀለሙ ስጡ።»

ይህን ብለው ሳይቆዩ ትኩሳት ጣላቸው። ሱናይና ከበሩ ጀርባ ሆና ይህን ታስባለች። ነገ ማን ይጠራል? ሴቶቹ አፍረው ቢመለሱ የአማቷ ልፋት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ጎረቤቷ ፑልዋ ለቅሶ ልትደርስ ገብታ ከበሩ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ሐዘንተኛ አይነካማ። አፍንጫዋን ጠረገችና «እቴ፣ ብሪጅናንዳን እህል ቀመሰ?» አለች።

ሱናይና ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«ብሪጅናንዳን በላ ወይ ነው ያልኩት። ምነው?»

«እሰይ! አንቺ የኔን ባል ትጠሪያለሽ፣ እኔ ያንቺን እጠራለሁ! ማን ይከለክለናል?»

ፑልዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። ለቅሶ ቤት መሆኑ ባይዛት ኖሮ ልትስቅ ነበር። ወሬው ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰ።

ሱናይና ማታ ባሏ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «የሙንያ አባት» አለችው በልጃቸው ስም፣ «እናትህ ነገ ቢኖሩ የት ይሆኑ ነበር?»

ብሪጅናንዳን የተላጨ ራሱን በእጁ ዳበሰ። ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር። «ከሰልፉ ፊት» አላት። «ሂጂ። የአጎቴን ነገር ለኔ ተዪው።»

በማግስቱ ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰለፉ። «የማን ሚስት?» ሲባል የጓደኛዋ ድምፅ ይቀድማል፦ «የሱራጅ!» «የራምዳኒ!» አስመራጩ ላቡን እየጠረገ ጣት ይቀባል። የባለርስቱ ታዛቢ ግን ፊቱ ጠቁሯል። ሱናይና ሰው ላለመንካት ከሁሉም ኋላ ብቻዋን ቆማ ነበር። ፑልዋ አጠገቧ ልትቆም ብትል «አይሆንም፣ ትረክሺያለሽ፤ ከሌላ ሴት ጋር ግቢ። ለኔ አታስቢ፤ ድምፅሽን ሰጥተሽ ደጅ ጠብቂኝ» ብላታለች። ተራዋ ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሴት አልነበረችም።

«ሱናይና ዴቪ» አለች።

ታዛቢው ፈገግ አለ። «ሦስት ሱናይና አለ። የማን ሚስት?»

የባሏን ስም ልትጠራ ፈለገች፤ በሐዘን ላይ ሐዘን ቢመጣስ ብላ ፈራች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የዱላሪ ዴቪ ምራት ነኝ» አለች ጮክ ብላ። የአማቷን ስም በአፏ ስትጠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ታዛቢው «ይሄ መልስ አይደለም!» ብሎ ተነሳ።

አስመራጩ መዝገቡን በጣቱ ተከተለ። «ቁጭ በል። ይኸው፤ ዱላሪ ዴቪ፣ ልጅ ብሪጅናንዳን፣ ሚስቱ ሱናይና። ቤቱ አንድ ነው። ጣትሽን አምጪ።» ቀባትና ወረቀቷን ሰጣት። እሷም ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ መሰላሉ ያለበትን ሣጥን ፈልጋ ጨመረች።

ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ አስመራጩ ብዕሩን መዝገቡ ላይ እንዳሳረፈ «ከዚህ ቤት አንዲት ሴት ቀርታለች» አለ፤ እንደ ደንቡም ወደ ደጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«ዱላሪ ዴቪ!»

ሱናይና የሳሪዋን ጫፍ ግንባሯ ላይ ሳብ አደረገች። ምራት አማቷን አትቀድምምና፣ ከበሩ ገለል ብላ መንገዱን ለቀቀችላቸው።