ወንዳወቅ የሚተፋው ወተት

የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ በሆነው በመጻጉዕ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወንዳወቅ የነበረበት ሁኔታ ይህ ነበር። ዓይኑ ይከፈታል፤ የሚያናግረውን ሰው ፊት ይከተላል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙለትም። ግራ እጁ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከተፈለገው በላይ ደህና ነው፤ በአፍንጫው የገባለትን የምግብ ቱቦ ሁለት ጊዜ መንጭቆ ያወጣው በዚሁ እጁ ነው። ቃል አይወጣውም። ምራቁን ይውጣል፤ ነርሷ ሲስተር ትግስት በሻይ ማንኪያ የሰጠችውንም ውሃ ሳል ሳይዘው ውጦታል። ወተት ግን ይተፋል።

ዶክተሩ የአልጋውን ግርጌ ተደግፎ ለሚስቱ ለእየሩስ ነገሩን በግልጽ አስረዳት። አዲሱን ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ ከጣሪያ ላይ ወድቆ፣ ደሴ ድረስ ተወስዶ ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰው ደም ተጠርጎለት፣ ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል የተመለሰ ሰው ከእንግዲህ የሚያገግመው በምግብ ነው። ጉሮሮው መሥራት ስለጀመረ በአፉ ይሞከር። ሆኖም እስከ ሐሙስ ማታ በቀን አንድ ሊትር ያህል መውሰድ ካልቻለ ቱቦው ይመለሳል። ቱቦው ከተመለሰ ደግሞ እንዳይነቅለው ግራ እጁ ከአልጋው ብረት ጋር ይታሰራል።

እየሩስ እጁ ታስሮ አይታዋለች። ያሰሩት በለስላሳ ፋሻ ነበር፤ ክፋትም አልነበረበትም። ወንዳወቅ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጎትተው ውሎ አንጓው ተላልጦ ነበር። ከሁለት እጆቹ የቀረችው አንዲቱ እሷ ናት። እሷም ትታሰር ከተባለ ምን ቀረው? ከሐሙስ በፊት ልታበላው ይገባታል፤ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ወተቱን የሚያመጡት አማቷ ወለተ ሐና ነበሩ። ልጃቸው ከወደቀ ጀምሮ ከደሃና ወርደው ሰቆጣ ዘመድ ቤት ዐርፈዋል። ዘመዳቸው የምታልብ ላም ስላለቻት በየማለዳው ትኩሱን አፍልተው፣ እንቁላል መትተው ጨምረው፣ በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። ጾሙን በተመለከተ ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ነበር። ወንዳወቅ ደሴ ላይ ራሱን ስቶ ተኝቶ ሳለ እናቱ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ ቄስ ኤርምያስ ሄደው ጾሙን ይፍቱለት ዘንድ ለምነዋቸው፣ ቄሱም ሳያቅማሙ ፈትተውለታል። በቤተሰቡ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ወተቱን ያየ ዘመድ ሁሉ ከመደንገጡ በፊት መፈታቱ ይነገረው ነበር።

ሲስተር ትግስት የአመጋገቡን መንገድ ለእየሩስ አሳየቻት። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያድርግ፤ ማንኪያው ግማሽ ብቻ ይሁን፤ ሳይውጥ ሌላ አይጨመር። ደግሞም አብራው እንድትበላ መከረቻት። ሰው ሲበላ ያየ አፍ መብላቱን ያስታውሳል አለች። እየሩስ እሺ አለች። እሺ ማለቱ አላስቸገራትም፤ ያስቸገራት መብላቱ ነው። እሷ ጿሚ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ስለዚህ ማንኪያውን ሞልታ ወደ ከንፈሯ ታስጠጋና አፏን የምታጣጥም አስመስላ፣ ጉሮሮዋን አንቀሳቅሳ፣ ማንኪያውን እንደሞላ ወደ ኩባያው ትመልሰዋለች። ወንዳወቅ ማንኪያው ሲሄድም ሲመለስም በዓይኑ ይከተለዋል። ከዚያ የራሱ ተራ ሲደርስ ወተቱን አፉ ውስጥ ይይዘውና እሷን እያየ በከንፈሩ ጥግ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል።

እየሩስ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ልብስ ልኩ አልመጣ ሲላት ስፌቱን ፈትታ፣ የተሳሳተው አንገቱ ይሁን ትከሻው፣ አንድ በአንድ እየለየች ነው የምታርመው። አሁንም እንደዚያው አደረገች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወተቱን አቀዘቀዘችው፤ ተፋው። ማር ጨመረችበት፤ ተፋው። ማክሰኞ እንቁላሉን አስቀረች፤ ተፋው። ማንኪያውን ትታ በኩባያ ሞከረች፤ ተፋው። በየመሀሉ ግን ውሃ ስትሰጠው ይውጣል። ጉሮሮው አይደለም። ጉሮሮው ካልሆነ ምንድን ነው? ዶክተሩን ስትጠይቀው፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ጣዕም ሊጠፋበት ወይም ያለምክንያት እንቢ ሊል ይችላል አላት። ያለምክንያት የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ወንዳወቅ በጤናው ያለምክንያት አንድ ነገር አድርጎ አያውቅም።

በዚህ ላይ ጠያቂው አለ። ዘመድ ወዳጁ ይገባና አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሁሉም እንደተማከረ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ "አወቅኸኝ? ማን ነኝ?" ወንዳወቅ ያፈጥጥበታል። ጠያቂው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የተጎዳው ጆሮው የሆነ ይመስል፣ ይደግምለታል። ከዚያ ለእየሩስ ምክር ይሰጣል። አንዱ አፍንጫውን ያዢው ይላል፤ ሌላው ጠበል ይሻለዋል ይላል። ማክሰኞ የአጎቱ ልጅ ሰጠኝ መጥቶ እንደሌሎቹ ጠየቀውና ቅር ብሎት ቀና አለ።

"አላወቀኝም" አለ።

"አንተንማ ደህና እያለም ሲያይህ ፊቱን ያዞር ነበር" አሉት ወለተ ሐና።

ሰጠኝ ከወጣ በኋላ ወለተ ሐና ማንኪያውን ከእየሩስ እጅ ወሰዱት። እጅሽ ይቸኩላል፤ የከተማ ሰው ሁሉም ነገር ቶሎ ይለቅልኝ ይላል አሏት። እሳቸው ልጃቸውን በልጅነቱ ያባብሉት በነበረበት በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ እያናገሩት፣ ጀርባውን እያሻሹ፣ አንድ ማንኪያ አፉ ውስጥ አስገቡ። ወንዳወቅ እናቱን በፍቅር እያያቸው ወተቱን ነጠላቸው ላይ ለቀቀው። ወለተ ሐና ነጠላቸውን ጠርገው ማንኪያውን መለሱላት፤ እስከ ማታም አላናገሯትም። እየሩስም ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም በራሷ ተናደደች።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ በማለዳ ያጠበችለትን ጋቢ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከውሃ በቀር አንድም ነገር አልገባለትም። ግማሽ ማንኪያ ሰጠችው። ያዘው፤ አያት፤ ለቀቀው። ወተቱ በአገጩ ወርዶ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። እየሩስ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ።

"እሺ" አለችው። "አንተ ካልበላኸው እኔ እበላዋለሁ።"

ማንኪያውን እስከ ጫፉ ሞላችና የምሯን አፏ ውስጥ ከተተችው። ወተቱ ምላሷ ላይ ገብቶ ገና ሳትውጠው የወንዳወቅ ግራ እጅ ተነሳ። ማንኪያውን አልገፋም። የእሷን አገጭ ያዘ፤ ከያዛትም አጥብቆ ያዛት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ነገር ሊያወጣ ታገለ።

"ጾ..." አለ። "ጾም።"

እየሩስ አፏ እንደሞላ ቀረች። ልትውጠውም ልትተፋውም አልቻለችም። በመጨረሻ ነጠላዋ ውስጥ ተፋችውና እጁን ከአገጭዋ ላይ አላቅቃ ያዘችው። ወለተ ሐና የወንበሩን ጠርዝ በእጃቸው ፈልገው ቁጭ አሉ። ከወደቀ ወዲህ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ነበር።

"እማማ" አለች እየሩስ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። "መፈታቱን ነግረውታል?"

"ለማን?"

"ለእሱ ነዋ።"

"ራሱን ስቶ አልነበር እንዴ? ምኑን ልንገረው?"

"ከነቃ በኋላስ?"

ወለተ ሐና ፔርሙዙን አዩት፤ ልጃቸውን አዩት። "አንቺ የነገርሽው መስሎኝ" አሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሁለት ጿሚዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው በዐቢይ ጾም ወተትና እንቁላል አፉ ውስጥ ሲከቱበት ኖረዋል። እሷም በበኩሏ እየጾመች የምትበላ መስላ ስትዋሸው ነበር። ምን እያሰበ ይሆን የተመለከታት? እየሩስ የሚያስቃት ወይም የሚያስለቅሳት መሰላት፤ ሁለቱም ሳይመጡ ቀሩ። የመጣው ንዴት ብቻ ነው።

ቃል መውጣቱ ያመጣው ደስታም ብዙ አልቆየም። ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ሲገባ ወሬው ቀድሞ ተሰምቶ ነበርና ሰጠኝ እንደገና መጥቶ ማን ነኝ አለው። ወንዳወቅ "ጾም" አለው። ውሃ ይሰጥህ ወይ ሲሉት "ጾም" አለ። ትራሱን ሲያስተካክሉለት "ጾም" አለ። ሰጠኝ አዲስ ስም ወጣልኝ ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። እየሩስ ሁሉም ወጥተው እስኪያልቁ ጠበቀች። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ጥያቄ ያልጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች፤ መልሱን ስለፈራችው ነው። አሁን ጠየቀችው።

"እኔስ ማን ነኝ?"

ዓይኗን እያየ ብዙ ታገለ። "ጾም" አላት።

ዶክተሩ ሲመጣ ሁሉንም በተራ ነገረችው። እሱም አልቀለደባትም። ንግግር የጠፋበት ሰው አንዲት ቃል አፉ ላይ ተጣብቃ ልትቀር ትችላለች፤ ያችን ቃል ማለቱ ያውቃታል ማለት ላይሆን ይችላል አላት። መጀመሪያ ቃሉ ወጣ፤ ከዚያ ለሁሉ ነገር ዋለ። ስለዚህ በአንድ ቃል ላይ ተስፋ አትጣይ፤ ሐሙስ ማታም እንደተባለው ነው አለ። ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

ያን ዕለት ቤቷ ሄዳ የገብስ አጥሚት ቅቤም ወተትም ሳታስገባ ሠራች፤ የተልባ ውሃ ብቻ ጨመረችበት። ሁለት አንድ ዓይነት ኩባያ አመጣች። በአንዱ ወተቱን፣ በአንዱ አጥሚቱን አደረገች፤ ሁለቱንም እኩል አሞቀች፤ ወተቱንም እንደ አጥሚቱ እስኪወፍር በዱቄት አወፈረችው። ሲስተር ትግስትን፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚሰጠው አንቺ ምረጪ፣ እኔ ፊቴን አይቶ እንዳይመርጥ ወደ ግድግዳው ዞሬ እቆማለሁ አለቻት። ከዚያ ለመጀመር አልቸኮለችም። ውሃውን እንደ መድኃኒት ቢወስደውም እህል ግን ከሰዓቱ በፊት እንደማይቀምስ ገምታ፣ ቅዳሴው እስኪወጣና ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቀች። ዶክተሩም በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ሲስተር ትግስት በመጀመሪያ ወተቱን አቀረበችለት። ወንዳወቅ አሸተተውና አፉን ዘጋ። ቀጥላ አጥሚቱን አቀረበችለት። አሸተተ፤ አፉን ከፈተ፤ ያዘው፤ አንገቱ ተንቀሳቀሰ። ዋጠው። ቦታቸውን ቀያይራ ደገመችው። ወተቱን በግራ እጁ ገፋ፤ አጥሚቱን ዋጠ። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። እየሩስ ከግድግዳው ስትዞር ዶክተሩ ከበሩ ገብቶ ማንኪያውን ራሱ ይዞ ይሞክር ነበር።

"ያውቃል" አለ። "የሚገርም ነው። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጠበቀ በግማሽ ቀን አንድ ሊትር አይሞላም። ጾሙ መፈታቱን ማን ቢነግረው ይሰማል?"

ቄስ ኤርምያስ ሐሙስ በማለዳ መጡ። ወለተ ሐና በመንገድ ላይ ምን እንዳሏቸው አይታወቅም፤ ሽማግሌው ግን ሲገቡ ያፈሩ ይመስሉ ነበር። መስቀላቸውን አሳለሙትና ጆሮው አጠገብ ተቀመጡ።

"ልጄ ወንዳወቅ" አሉት። "ፈትቼህ ነበር። ለእግዜር ነግሬ ላንተ ሳልነግርህ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብላ።"

ወለተ ሐና ፔርሙዙን ቀድመው ከፍተው ወተቱን ቀዱ። ወንዳወቅ ኩባያውን በእጁ ጀርባ ገፋው።

"ጾም" አለ።

"እሺ፣ ገና ማለዳ ነው ብትለኝ እንኳ" አሉ ቄስ ኤርምያስ፤ "ሰዓቱን ፈትቼልሃለሁ። ወተቱን ተወው። አጥሚቱን ግን ውሰድ።" ወደ እየሩስ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በጤናውም እንደዚህ ነበር፤ በየመንፈቁ ንስሐ ሲገባ አንዲት ነገር ለማስለቀቅ የሚያደክመኝ እሱ ነው።"

ወንዳወቅ አጥሚቱን በማለዳ ወሰደ። ወለተ ሐና በፔርሙዙ ወተት ምን እንደሚያደርጉ ተጨነቁ፤ ዶክተሩ ከገብሱ ሌላ ፕሮቲን ያስፈልገዋል ስላላቸውም ተቆጡ፤ ፕሮቲኑ እዚሁ ኩባያ ውስጥ አለ፣ ልጄ እንቢ አለ እንጂ አሉት። በመጨረሻ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ቀጭን ሽሮ ሊያበስሉ ሄዱ። እየሩስ ቀኑን ሙሉ ግማሽ ማንኪያ እየሰጠች፣ እስኪውጥ እየጠበቀች፣ ሳል እንዳያመልጣት አንገቱን እያየች ዋለች። አንዴም ሳታስመስል።

ሐሙስ ማታ ሲስተር ትግስት የገባውን ደመረች፤ ስምንት መቶ ሚሊ ሊትር ነበር። ከተባለው ሁለት መቶ ጎደለ። ዶክተሩ ቁጥሩን አይቶ ቱቦውን አላዘዘም፤ እስከ እሑድ ልጠብቅ አለ። እሑድ፣ በደብረ ዘይት በዓል፣ አንድ ሊትር ከሃምሳ ሚሊ ሊትር ገባለት፤ ቀኑን ሙሉ ሁለት ጊዜ ሳለ፤ ግራ እጁ አልታሰረም።