የፀጉር ቆጠራ

ፀጉር አውቃለሁ። በሌላ ነገር ብትከራከሩኝ ምናልባት እሰማችሁ ይሆናል፤ በፀጉር ግን ማንም አያሸንፈኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሜ የሰው ጭንቅላት ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት እንቅልፍ አጥቶ እንደከረመ፣ ታሞ እንደተነሳ፣ ሚስቱ ቤት ውስጥ በመቀስ እንደሞከረችበት ከፀጉሩ እነግረዋለሁ። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ አለበት። ግን እህቴን ሊያሳጣኝ ለትንሽ የቀረው ይኸው አዋቂነቴ ስለሆነ ታገሱኝ።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ነበረች። ከዚያ ወዲያ እናቴም አባቴም እሷው ሆነች። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችኝ፤ የመጀመሪያዋን ቶንዶስ የገዛችልኝም እሷ ናት። ዛሬም አብረን ነን። የፊቱ ክፍል የእኔ ፀጉር ቤት ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። መኪናዋ ሲሠራ የእኔ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ደንበኛ ሲጠይቀኝ «እህቴ ሥራ ላይ ናት» እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ትልቁ አንጀቷ ላይ ካንሰር ተገኘ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙም «የሚታየውን አውጥተነዋል፤ የማይታይ ቅንጣት ቀርቶ እንደሆነ እሱን ለማጥፋት ኬሞ ትወስጃለሽ። በየሦስት ሳምንቱ፣ ስምንት ዙር» አላት። እሷ የቀጠሮውን ቀን ጠየቀችው። እኔ ግን በሆዴ «ይኼንንስ ለእኔ ተዉት» አልኩ።

ምክንያት ነበረኛ! ባለፉት ዓመታት ሦስት ደንበኞቼ ኬሞ ጀምረው ፀጉራቸው በእፍኝ ሲረግፍ ወደ እኔ መጥተው ላጭቻቸዋለሁ። ሦስቱም ድነው፣ አዲስ ፀጉር አብቅለው ተመልሰዋል። እንግዲህ እኔ ምን ልበል? መድኃኒቱ ሲይዝ ፀጉር ይረግፋል፣ ፀጉር ከረገፈ ሰው ይድናል ብዬ ደመደምኩ። ለእትዬ አዲስ ምላጭ ገዛሁ፣ ለስላሳ ፎጣ አዘጋጀሁ፣ ሰው እንዳያያት ሰኞ ሰኞ ሱቁን ዘግቼ መጠበቅ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ዙር አለፈ። ምንም የለም። ጠዋት ጠዋት ነጭ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አንጥፌ አበጥራታለሁ፤ ከዚያ ፎጣው ላይ የወደቀውን እቆጥራለሁ። አርባ ሁለት። በማግስቱ ሠላሳ ዘጠኝ። ይኼ እኮ ጤነኛ ሰው የሚያራግፈው ነው! ሁለተኛው ዙር አለፈ፤ አርባ አራት። ደሜ ፈላ።

«እትዬ፣ ያቅለሸልሽሻል?»

«ትንሽ። የሰጡኝን ክኒን ስውጥ ይተወኛል።»

«ያስመልስሻል?»

«ኧረ አያስመልሰኝም። እንዲያስመልሰኝ ነው እንዴ የምትፈልገው?»

እውነት ለመናገር፣ እንዲያስመልሳት ነበር የምፈልገው። ልክ ነው፣ ሰምታችሁኛል። እህቴ ብትታመምልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ፀጉር ቤት ደግሞ ወሬ አይጠፋበትም። አንዱ «ኬሞ እኮ ያለቀለት ሰው ነው የሚሰጠው» ይላል፤ ሌላው «እሱ ራሱ ነው የሚገድለው» ይላል። ከሁሉም ያናደደኝ ታክሲ ነጂው ነው፤ ሾፌሩ ነው የምንለው። አንድ ቀን እትዬ ከወንበሩ ስትነሳ ለመቀመጥ ሲያመነታ አየሁት።

«ምነው?» አልኩት።

«አይ... ይተላለፋል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ማን ነው ያለው? ካንሰር ጉንፋን መሰለህ? ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩበት። ተቀመጠ። ያን ቀን የሰው አላዋቂነት እያማረርኩ ዋልኩ። የራሴ ፎጣ ግን ጓዳ ተሰቅሎ ቆጠራውን ይጠባበቅ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ቆጥሬ ሳበቃ ትዕግስቴ አለቀ። «እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች እየቀለዱብሽ ነው። ይኼ መድኃኒት አይደለም፣ ውሃ ነው» አልኳት። እሷ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ አነሳችና ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። እኔም ደንበኛ ስለመጣ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዱን እየቆረጥኩ ሳለ መስታወቱ ዝም ማለቱ ታወቀኝ። መንቀጥቀጡን አቁሟል። ትንሽ ጠበቅኩ። አሁንም ዝም። ገባ ብዬ ሳይ እትዬ መኪናዋን በአንሶላ ሸፍናዋለች። ያላለቁት ዩኒፎርሞች በየስማቸው ተጣጥፈው፣ ላይ ላዩ ላይ ወረቀት ተደርጎባቸዋል፤ ይኼ ቁልፍ ይቀረዋል፣ ይኼ ታችኛው ጠርዝ ይቀረዋል የሚል። ለሌላ ልብስ ሰፊ ልታስረክብ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነገ አልሄድም» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «ገብቶኛል፣ ወንድምዬ። የማልድን ስለሆንኩ እንዳይከፋኝ ብለው ነው ውሃ የሚያንጠለጥሉልኝ። ጠርጥሬ ነበር። አንተ ስትለው ደግሞ አመንኩ። አንተ ፀጉር ታውቃለህ።»

ክው አልኩ። ሴትዮዋ ቀዶ ጥገና ስትገባ ስትቀልድ የነበረች ናት፤ ተስፋዋን የቆረጠው በሽታው አይደለም፣ እኔ ነኝ። በፎጣና በማበጠሪያ። ያን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑ አልታየኝም፣ የሐኪሞቹ ነው የመሰለኝ። ከፎጣው ያጠራቀምኩትን የሁለት ሳምንት ፀጉሯን በፌስታል ቋጥሬ፣ ልደባደብ ሆስፒታል ሄድኩ።

ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል ስገባ ግራ ገባኝ። የእኔን ቤት ነው የሚመስለው። ስድስት ወንበር ተደርድሯል፤ ሰው ተንጋሎ ጋዜጣ ያነባል፣ ያወራል፣ አንዷ ሻሽ አስራ ትስቃለች፣ አጠገቧ ያለው ሰውዬ ደግሞ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ መከርከም ሁሉ ያስፈልገዋል። ነርሷ አጠር ያለች፣ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ይኼ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«የእህቴ ፀጉር ነው። በቀን አርባ! ሲስተር፣ መድኃኒት ብትሰጧት ኖሮ ይኼኔ አልቆ ነበር!»

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ስንት መቀስ አለዎት?»

«ዘጠኝ።»

«ሁሉም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት?»

«እንዴት ተደርጎ! አንዱ ፀጉር ማሳሻ ነው፣ አንዱ ለጆሮ ዙሪያ ነው፣ አንዱ...»

«ኬሞም አንድ መድኃኒት አይደለም፤ ብዙ ነው» አለችኝ። «ፀጉር የሚጨርስ አለ፣ የሚያሳሳ አለ፣ እምብዛም የማይነካ አለ። የእህትዎ እምብዛም የማይነካው ነው። ረገፈ አልረገፈ፣ አስመለሳት አላስመለሳት፣ መሥራቱን አይነግረንም። እሱን የምናውቀው በደም ምርመራና በስካን ነው። እንዲያው ልጠይቅዎት፣ ቀዝቃዛ ነገር ስትነካ ጣቶቿን አይነዝራትም?»

«ይነዝራታል። መቀሷን እንኳ በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትይዘው። የስፌት ድካም መስሎን ነው።»

«ለምን አልነገራችሁንም? የመድኃኒቱ ጠባይ ነው እኮ፤ ከባሰ መጠኑን ማስተካከል አለብን። መለኪያ አይደለም፣ ግን ውሃ እንዲህ አያደርግም።» ፌስታሉን መለሰችልኝ። «መቁጠር ከወደዱ ትኩሳቷን ይቁጠሩልኝ። ይኼ መድኃኒት በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል። ሠላሳ ስምንት ከገባ ይሻላታል ብለው አይጠብቁ፣ ያኔውኑ ይዘዋት ይምጡ።»

ቴርሞሜትር ገዝቼ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን በሙሉ ራሴን ስሰድብ ሄድኩ። እትዬ በተሸፈነው መኪና ፊት ተቀምጣለች። ፊቷ ቆምኩ።

«ተሳስቻለሁ» አልኳት።

ቀና አለች። «እስቲ ድገመው።»

«ተሳስቻለሁ! ፀጉር እንጂ መድኃኒት አላውቅም።»

«አርባ ዓመት ነው ይቺን ቃል የጠበቅኳት» አለች፤ ግን አልሳቀችም። «ልታጽናናኝ ነው አይደል?»

ማጽናናት አልችልበትም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን መቀስ አንስቼ የጠቀለለችበትን ጨርቅ ፈታሁና «ንኪው» አልኳት። ብረቱን ገና ከመንካቷ እጇን ሰበሰበች። «ይኼ ድካም አይደለም። መድኃኒቱ ነው ያመጣው፤ ሲስተር ሳልነግራት አወቀችው። ውሃ ይኼን ያደርጋል?»

ጣቶቿን እያገላበጠች ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ተነስታ አንሶላውን ከመኪናዋ ላይ ገፈፈች። «ነገ ስንት ሰዓት ነው ቀጠሮዬ?» አለችኝ። የቀጠሮ ካርዷን ከመሳቢያው አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

የምቆጥርበትን ነጭ ፎጣ አጥቤ ለደንበኞች አዋልኩት። ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው ትኩሳት ብቻ ሆነ፤ ጠዋትና ማታ፣ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። አምስተኛው ዙር ካለፈ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ ሾፌሩን እየቆረጥኩ ሳለ እትዬ በሩ ላይ ቴርሞሜትሯን ይዛ ቆመች። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሦስት።

«ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው። ጨርስለትና...»

«የምን ጨርስለት!» ቶንዶሱን ነቀልኩ። ሾፌሩ ግራ ጎኑ ተላጭቶ ቀኙ እንዳለ ነው።

«ኧረ ጭንቅላቴ!» አለ።

«ጭንቅላትህ ይቆያል። መኪናህ የት ነው?»

አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እትዬን አየ። ከዚያ ነጩን ጨርቅ ከአንገቱ ሳይፈታ ቁልፉን አንስቶ ቀድሞኝ ወጣ። «እዚህ ይግቡ፣ እትዬ» ብሎ የፊተኛውን በር ከፈተላት፤ ከጎኑ አስቀመጣት። በየመንገዱ ሰው እያየ ሲስቅበት እሱ ጥሩምባውን እየነፋ ገሰገሰ። እትዬ በዚያ ሕመሟ ላይ «ልጄ፣ ጨርቁን እንኳ አውልቀው» ብትለው «ምን ቸገረኝ፣ አምቡላንስ ይምሰል» አላት።

ነጭ የደም ሴሏ በጣም ወርዶ ኢንፌክሽን ጀምሯት ነበር። ወዲያው መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት። ሐኪሙ «ነገ ብትመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የማወራችሁ» አለን።  ሾፌሩን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ፣ ቀኝ ጎኑን ከነርሷ በተዋስኩት መቀስ ጨረስኩለት። ጥሩ አልሆነም።

በአምስተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ስድስተኛውን ዙር ትንሽ አዘግይተው መጠኑን አስተካክለው ሰጧት፤ ሰባተኛው ቀጠለ፤ ስምንተኛው አለቀ። ስካኑ ንጹሕ ነው። ሐኪሙ «ክትትሉን እንዳታቋርጪ» አላት፤ አታቋርጥም፣ እኔ አለሁ። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ስለ ኬሞ አጉል ወሬ የሚጀምር ሰው አሁን ፂሙ እስኪላጭ ድረስ እኔን ይሰማል፤ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ስላለ አይከራከረኝም።

የስካኑ ውጤት የመጣ ዕለት ሱቁን ዘግተን ተቀመጥን። እትዬ ከኋላዬ ስታልፍ ቆም አለችና ማጅራቴን በጣቷ ነካች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ሁለት መስታወት አጋጥሜ አየሁ። ላሽ። ሦስት ቦታ፣ ፀጉር የሚባል የለበትም። ያን ሁሉ ጊዜ የእሷን ስቆጥር የራሴ ሲረግፍ አላየሁም። ጭንቀት እንደሚያመጣው ለስንቱ ደንበኛ ነግሬያለሁ መሰላችሁ!

«ተቀመጥ» አለችኝ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመላጨት ስቀመጥበት የመጀመሪያዬ ነው። ያን ለእሷ ያዘጋጀሁትን ለስላሳ ፎጣ ትከሻዬ ላይ አነጠፈች። ቶንዶሱን አስነሳችና ከማጅራቴ ጀመረች። ፀጉሬ ፎጣው ላይ ሲወርድ እያየሁ ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ልቁጠርልህ?» አለችኝ።