የቀኙ የታችኛው ቡሎን

«አስተካከልኩልህ፤ አሁን ያለ ችግር ትወጣለች» አለችው እህቱ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ።

«ማን አስተካክዪ አለሽ?» አለ ወንድሟ።

ደስታዋ እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአባታቸው ጋራዥ ጀርባ፣ ድንጋይ ከምሮ በሠራው ዳገት ላይ፣ ያችን ክንድ የማታህል የሪሞት መኪና ሲያወጣና ሲገለብጥ አይታው አንጀቷን በልቷት ነበር። ስለዚህ እሱ በሌለበት ንዝረት የሚያበርዱትን የኋላ አሞርዛተሮች ፈትታ ወፈር ያለ ዘይት ሞላችባቸው፤ የኋላ ጎማዎቹን የያዘውን አክሰል ከሻንሲው ጋር ከሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች የላይኞቹን አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርጋ አሰረቻቸው። መኪናዋም ድንጋዩን እንደ ፍየል ወጣችው።

«እንድትወጣልህ የፈለግክ መስሎኝ ነዋ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሚጣ፣ እኔ የምፈልገው እንዴት እንደወደቀች ማወቅ ነው» አለና ወደ ድንጋዮቹ ጠቆማት።

ያኔ ገባት። ያ ኩርባ፣ በስተቀኝ ያለው ገደል፣ ጫፉ ላይ የተጋደመው ጠፍጣፋ ድንጋይ። ዝም ብሎ የተከመረ ድንጋይ አልነበረም፤ መንገዱ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሟ የአባታቸውን ፒካፕ ይዞ ያንን ዳገት ሲወጣ ገደል ገባ። አጠገቡ በስተቀኝ የተቀመጠው አጎታቸው፣ የእናታቸው ወንድም፣ አንድ እግሩን አጣ። ከዚያ ወዲህ አጎትየው የእህቱን ልጅ ስም በአፉ አንስቶ አያውቅም። እንቅልፍ ጥሎት ነው ተባለ፤ ስልክ ሲነካካ ነው ተባለ። ወንድምየው መሪውን ወደ ግራ እንዳዞረ ምሎ ተገዝቶ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን ራሱም ራሱን ማመን አቃተው። መሪ መጨበጥም ተወ።

«ኧረ ሰውዬው! ዛሬም ገደል ልትከታት ነው?» አለ ጎረቤታቸው ቀለም ቀቢው፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ። «ትልቋ አልበቃ ብላህ ትንሿን!»

«አንተ ቀለምህን ቀባ! ከተረፈህ አፍህንም ቀባው!» አለችው እህቲቱ። ከአፏ ሲወጣ ራሷው ደነገጠች።

ሰውየው እየሳቀ ተመለሰ።

«አንድ በአንድ እንሂድ» አለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ምህንድስና ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ውጤቱን ማየት ታውቅበታለች። የግራውን የኋላ አሞርዛተር ዘይት አፈሰሱት፤ መኪናዋ እንደ አንበጣ እየዘለለች ወጣች። የቀኙን የሽቦ ሞላ በለስላሳ ቀየሩት፤ እያነከሰች አለፈች። ወንድምየው ሆን ብሎ መሪዋን ወደ ቀኝ አጠፈ፤ በአፍንጫዋ ተደፋች።

«እንደዚህ አይደለም» አለ። «እኔን የከዳኝ ኋላዋ ነው። ከኋላ የሆነ ነገር ገፋን።»

እህቲቱ ኋላዋ እንዲያ የሚገፋው ከቀኙ ዘንጎች አንዱ ከለቀቀ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ በካቻቢቴ ከኋላ የቀኙን የታችኛውን ዘንግ ቡሎን ፈትታ በጭብጧ ያዘችው።

መኪናዋ ደህና ጀመረች። ኩርባው ላይ ጉልበት ሲጨምርላት የአክሰሉ ቀኝ ጫፍ ወደ ፊት ሸሸና አክሰሉ ተጣመመ። የፊት ጎማዎቿ ወደ ግራ እንደተጠመዘዙ፣ እሷ ግን ወደ ቀኝ ሄዳ ገደሉ ውስጥ በቀኝ ጎኗ ወደቀች።

ስድስቴ አወጣት። ስድስቴም እንደዚያው ወደቀች።

«መሪው ወደ ግራ ነው፣ አይደል? አይተሻል?»

«ወደ ግራ ነው። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።»

ወንድምየው ሪሞቱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

አባትየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጋራዡ ብቅ ያለው ይሄኔ ነው። የወደቀችውን መኪና ሲያይ ባለበት ቆመ።

«የቀኙን የታችኛውን ነው የፈታችሁት?» አለ።

እህቲቱ ወደ መኪናዋ ዞረች። መኪናዋ ያንን ጎኗን ተኝታበታለች፤ እሱ ከቆመበት ምንም አይታይም። ቡሎኑ በጭብጧ ውስጥ ነው። ማንም ምንም አልነገረውም።

«አባዬ፣ በምን አወቅህ?»

አባትየው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «ገደል በገባችሁበት ዋዜማ የፒካፗን የኋላ እግር ስሠራ ነበር። ያንን ቡሎን በጣቴ አስገባሁትና ደንበኛ ጠራኝ። ጠዋት በቁልፍ አጠብቀዋለሁ ብዬ ተውኩት። ጠዋት ስመጣ አንተና አጎትህ ይዛችኋት ሄዳችኋል።»

«መቼ ነው ትዝ ያለህ?» አለ ልጅየው። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ጎትተው ያመጧት ቀን። ከሥሯ ገብቼ አየሁ። ቀዳዳው ባዶ ነው።»

«ከዚያ ሳምንት ሳይሞላት ለቁርጥራጭ ብረት ሸጥካት።»

«ሸጥኳት።»

እህቲቱ አባቷን አየችው። ይሄው አባቷ ነው «አይዞህ ልጄ፣ በማንም የሚደርስ ነው» እያለ ወንድሟን ሲያጽናና የከረመው። እሷም እግዜር ይስጠው ስትል የከረመችው እሱን ነው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እያየኸኝ?» አለ ወንድሟ።

«ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል...» አባትየው ቀና ማለት አቃተው።

«ለእኔማ ነገርከኝ። መስማት ያለበት አጎቴ ነው።»

አባትየው ተነስቶ እጁን ታጠበ። የደንበኛ መኪና ክሪክ ላይ እንደተሰቀለች፣ ገና በቀትር ጋራዡን ዘጋ። ሦስቱም እስከ አጎትየው ቤት በእግራቸው ሄዱ፤ በሩን ያንኳኳው አባትየው ነበር።