ከኋላ የሚቆም ሰው

ባልና ሚስትን በደንብ ማወቅ የፈለገ ሰው ረጅም መኪና ወደ ኋላ ሲያስገቡ ይያቸው። አልጋችንን፣ ምድጃችንንና ሽንት ቤታችንን በጎማ ላይ ጭነን በየተራራው የምንዞር ጡረተኞች ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ነው አዲስ መኪና ካምፑ በደረሰ ቁጥር ተጣጣፊ ወንበራችንን ወደ መንገዱ አዙረን የምንቀመጠው። ሚስት ከኋላ ቆማ ትጮኻለች፣ ባል መስኮቱን አውርዶ «ምን አልሽ?» ይላል፤ የቀረው በነጻ የሚታይ ቲያትር ነው።

እኔና ኤልድን ግን አንጮኽም። ድሮ ዩታ ውስጥ አንድ ጥድ ገጭተን ልንፋታ ምንም አልቀረንም ነበር። ከዚያ ወዲህ በእጅ ብቻ ነው የምንነጋገረው። ሁለት እጄን ወደ ደረቴ ከሳብኩ «ና» ማለት ነው። ቀኝ ጭኔን ከመታሁ ወደ ቀኝ፣ ግራዬን ከመታሁ ወደ ግራ። ሁለት እጄን ጭንቅላቴ ላይ ከጫንኩ ቁም፣ ከዚህ በኋላ ዛፍ ነው። ሕጋችን አንድ ብቻ ነበር፤ በስፖኪዮው ውስጥ ካላየኝ ይቆማል። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ እቆማለሁ፣ እንዲህ ሆነን አረጀን። የዚያን መኪና መሪ አንድም ቀን ጨብጬው አላውቅም።

ዘንድሮ ሞንታና ስንገባ መሪውን የያዘው ልጃችን ክሬግ ነው። የኤልድን ዓይን መሀሉ ጠፍቷል። ፊት ለፊት የሚያየውን ነገር ሁሉ ጉም ይውጠዋል፤ ዳር ዳሩን ግን ገና ያያል። ስለዚህ እኔን ማየት ሲፈልግ ፊቱን ከእኔ ያዞራል። ዕድሜውን ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየ ሲዋሸኝ የኖረ ሰውዬ አሁን እውነቱን የሚነግረኝ ምድጃውን እያየ ነው። ሐኪሙ በደንብ አስረድቶኛል፣ ገብቶኛልም። ቢሆንም ባናገርኩት ቁጥር ወደ ሌላ ሲዞርብኝ ሆዴ ይከፋል።

ካምፑ ስንደርስ እንደ ልማዴ ወረድኩና ከኋላ ቆሜ እጄን አነሳሁ። ክሬግ ግን መኪናው ሊሸጥ ስለሆነ ገዢዎቹ ይወዱታል ብሎ ካሜራ አስገጥሞለታል። ከመሪው አጠገብ ያለችውን ስክሪን እያየ መኪናውን አንዴ ሳያወላግድ ሰተት አድርጎ አስገባው።

«እማዬ፣ ዞር በይ፣ ልትጨፈለቂ ነው» አለኝ በመስኮት። «ካሜራ አለው እኮ።»

የተነሳ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። መነጽሬን ያስተካከልኩ መሰልኩ።

ገዢዎቹ ከስፖኬን ከተማ የሚመጡ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ቅዳሜ እዚሁ መጥተው ይረከባሉ፣ ክሬግ እኛን ይዞ በአውሮፕላን ወደ ኔብራስካ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ያለችውን ሳምንት እዚህ ካምፕ እናሳልፋት ያለው ኤልድን ነው። ክሬግ ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሰው አይኖርም ብሎ ከተማው ውስጥ ሆቴል ያዘ።

ኤልድን ከጠዋት እስከ ማታ ወንበሩ ላይ ነው። ከካምፑ በላይ፣ ገደሉን ተጠግቶ የሚሄደው መንገድ መጨረሻ ላይ፣ በነሐሴም በረዶ የሚንሳፈፍበት ሐይቅ አለ። እዚህ በመጣን ቁጥር እንወጣው ነበር። አምና ግን ድንጋይ መስሎት አየር ረገጠ። የማናውቀው ሰው በቦርሳው ማንጠልጠያ ባይዘው ኖሮ ዛሬ የማወራው ስለ ሟች ባሌ ነበር። አሁን ከታች ተቀምጦ ጥቁሩን ጫካ እያየ ተራራውን ያያል። ሲናፍቀው አውቃለሁ፤ ጉልበቱን ያሻል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል።

ሐሙስ ጠዋት «አርዲስ» አለኝ። «ሂጂና እይልኝ።»

«ምኑን?»

«በረዶውን። አሁንም ይንሳፈፍ እንደሆነ።»

«ብቻዬን?»

«ድቡን ከሆነ አትፍሪው። አንቺን ለማኘክ የብረት ጥርስ ያስፈልገዋል።»

«ያንተን ምላስ የቻልኩ ድብ ያቅተኛል?» አልኩና ጫማዬን አጠለቅኩ።

ለድብ የሚረጨውን የበርበሬ ጣሳ ወገቤ ላይ፣ በኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦዬን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። እዚህ አገር መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ድምፅ ማሰማት ነው፤ ድብ በድንገት ሲደርሱበት አይወድም። እስከ ዛሬ ፊት ፊት እየሄደ «ድብ፣ እኛ ነን» የሚለው ኤልድን ነበር። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ከአፌ የወጣው ያው ነው። «ድብ፣ እኛ ነን» አልኩ። ዞር ስል ከኋላዬ ማንም የለም።

መንገዱን አላወቅኩትም። ስንት ዓመት የወጣሁት መንገድ ነው፣ ግን ያየሁት የኤልድንን ጀርባ ነበር ለካ። ላቡ በሸሚዙ ላይ የሚሠራውን ካርታ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሸለቆው ወደ ግራ እንደሚከፈት ግን አላውቅም ነበር። ፊት የሚሄድ ሰው ሲያይ የኖረው ይሄን ነው አልኩ። ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝም አፈርኩ። ከዚያ ናፈቀኝ። ባሌ ታች ካምፕ ውስጥ በሕይወት ተቀምጦ፣ ምሳውን አዘጋጅቼለት መጥቼ፣ እንደ ሞተ ሰው ናፈቀኝ። ጀርባው ናፈቀኝ። «ደረስን» እያለ ያልደረስነውን መዋሸቱ ሳይቀር ናፈቀኝ። አንድ ጥድ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ሰዎች ሲመጡ ሰምቼ አፍንጫዬን ጠርጌ ቀጠልኩ።

ሐይቁ እንዳለ ነው። ስመለስ የምርኩዜን ኮቴ ሰምቶ ገና ከሩቅ ነው ኤልድን የተነሳው።

«አለ?» አለኝ።

«አለ።»

«ብዙ?»

«ግማሹን ሞልቶታል። ትልልቁ ከሥሩ ሰማያዊ ነው። አንዱ ዓይኔ እያየ ለሁለት ተሰነጠቀ።»

«ድንጋይ ወረወርሽበት? ሲመታው እንደሚጮኸው?»

«ወርውሬ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ገባ።»

«ድሮም ክንድ የለሽም። ድንጋያችንስ?» ምሳ የምንበላባትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ማለቱ ነው።

«ሁለት ወጣቶች ተቀምጠውባት ይሳሳማሉ።»

«አላስነሳሻቸውም?»

«ምን ብዬ? ተራው የኛ ነው ብዬ?»

ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ፤ የሆዱን ሊናገር እንደሆነ አወቅኩ።

«ሐይቁስ ይቅር» አለ። «እኔን የሚናፍቀኝ ጠዋት ነው። ከእንቅልፌ ስነሳ፣ ዛሬ ተራራው በየትኛው መስኮት ነው ብዬ መፈለጉ። የኔብራስካው ቤታችን በሁሉም መስኮት በቆሎ ነው፣ አርዲስ።»

ሾርባውን አማሰልኩ። ምንም የሚማሰል ነገር አልነበረውም።

«እኔ ብነዳውስ?» አልኩ።

«አንቺ? የጎረቤታችንን የፖስታ ሣጥን ሁለት ጊዜ የጣልሽው?»

«ሁለቱም ጊዜ ያው ሣጥን ነው።»

«መንዳቱን ትለምጂዋለሽ። ወደ ኋላ ማስገባቱ ነው የሚከብደው። ማን ይቆምልሻል?»

«አንተ።»

«እኔ አላይም እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«ዳሩን ታያለህ አይደል? መኪና ደግሞ የሚገጨው በዳሩ ነው» አልኩት። «ነገ ጠዋት እሞክራለሁ። ካስገባሁት አይሸጥም። ካልገባልኝ ቅዳሜ ይውሰዱት፣ ስሙን አላነሳም።»

ካምፑን በበጎ ፈቃድ የሚጠብቀው ዌንደል የሚባል ጡረተኛ ነው። ቦታው ሰፊ እንዲሆን አጠገባችን ያለውን መኪና ወደ ዳር እንዲያስጠጋልኝ ነገርኩት፤ እሱ ደግሞ ለካምፑ ሁሉ ነገረ። ጠዋት ቁልፉን ይዤ ስወጣ ወንበሩ ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል። አንዷ ውሻዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች።

«አርዲስ፣ ዛፎቹን ላስነቅልልሽ?» አለ ዌንደል።

«አንተን መጀመሪያ» አልኩት።

መሪው ላይ ተቀመጥኩ። የካሜራውን ስክሪን በወጥ ቤት ፎጣ ሸፈንኩት። ካሜራ ካስገባው ያስገባው ካሜራው ነው፤ እኔና ኤልድን ምን አደረግን? በካምፑ ዙሪያ በኤሊ እርምጃ ዞርኩና ቦታችን ፊት ስደርስ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ኤልድን ብርቱካናማ ቆቡን አድርጎ፣ ምርኩዙን ጥሎ፣ ከኋላ ቆመ።

የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ጠምዝዤ ጠምዝዤ የካምፑን የእንጨት ጠረጴዛ ልበላው ስል ኤልድን ከስፖኪዮው ጠፋ። ሕጋችን ትዝ አለኝና ቆምኩ። ከወንበሮቹ በኩል አንዱ «ጠረጴዛውንም ሸጣችሁታል እንዴ?» አለ። ሰዎች ሳቁ። ወደ ፊት ወጣሁና መሪውን አቅንቼ እንደገና ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ።

በስፖኪዮው ፈለግኩት። አለ። ግን ፊቱ ወደ ተራራው ነው።

እኔ እዚህ እየታገልኩ እሱ ተራራ ያያል። ደሜ ፈላ። መስኮቱን አውርጄ፣ ከዩታ ወዲህ ያልጮኽኩትን ሁሉ ልጮኽበት እጄ የመስኮቱ ቁልፍ ላይ ደረሰ። ያኔ እጆቹን አየሁ። ሁለቱም ወደ ደረቱ እየሳቡ ይጠሩኛል። ፍሬኑን ለቅቄ ትንሽ ወደ ግራ ሳት ስል ወዲያው ቀኝ ጭኑን መታ፤ ፊቱ ግን ከተራራው አልተነቃነቀም።

እኔን እያየ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም ሰው እንደዚያ አጥብቆ አላየኝም።

ነይ ይላል እጁ። ነይ፣ ነይ፣ ቦታ አለሽ። እንባዬ ስፖኪዮውን እንዳያደበዝዝብኝ በእጅጌዬ እየጠረግኩ መጣሁ። ቦታችን ዳር ያለውን ጥድ አለፍኩ፣ ጠረጴዛውን አለፍኩ። ከዚያ ሁለት እጁን አንስቶ ብርቱካናማ ቆቡ ላይ ጫነ። ፍሬን ያዝኩ።

ዌንደል ተነስቶ ወንበሩን አጠፈ። «ከጥበቃ ቤቱ ስልክ ለክሬግ እኔ ልደውልለት?» አለ።

«ደውልለት» አልኩ።

ኤልድን የመኪናውን ጎን በእጁ እየዳበሰ እስከ መስኮቴ መጣ። ፊቱን ወደ ጎማው አዘንብሎ፣ እያየኝ፣ ትንሽ ቆመ።

«ተራራው በየትኛው መስኮት ነው?» አለኝ።

«በኔ በኩል» አልኩት።