የሁለት ምድጃ ቤት

ግድግዳውን ሲያፈርሱት ዘይቱና አልጮኸችም። ድስቷን ከሚረግፈው ጭቃ አሸሸች፣ በሻሿ ሸፈነችው፣ ከዚያ እጇን አገጯ ላይ ጭና ቆመች።

ደግሞስ ምን ግድግዳ ይባላል! በጭራሮ ላይ የተለሰነ ጭቃ ነው፤ ትከሻ ቢደገፈው ይንቀጠቀጣል። ግን ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ያለችው ያች ቤት በእሱ ነበር የቆመችው። ከግድግዳው ወዲህ ዘይቱና ለእስላሙ ትሠራለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ገበያነሽ ለክርስቲያኑ ትሠራለች። ሰኞ ሰኞ ከኩታበርና ከቦሩ ሜዳ በሬ እየነዳ፣ እህል ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ደጃፉ ድረስ አብሮ ይመጣና «በል ስትጨርስ እዚችው ድንጋይ ላይ» ተባብሎ በሁለቱ በር ይለያያል። በልቶ ሲወጣ ድንጋዩ ላይ ተገናኝቶ ወደ አገሩ አብሮ ይመለሳል። በዚህ የተቀየመ ሰው አይታወቅም።

ከምድጃዎቹ በላይ ጭብጥ የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች። በእሷ ፍም ይሻገራል፣ ጨው ይሻገራል፣ ሐሜትም ይሻገራል። ጭልፋ ግን ተሻግሮ አያውቅም።

«አንች ዘይቱ፣ በርበሬሽ እዚህ ድረስ አስነጠሰኝ። ሰው ልትፈጅ ነው?»

«የኔ ሰው ይችለዋል። አንች ጋ የሚመጣው ነው ጥርሱ ያለቀበት።»

እንዲህ ሲባባሉ ነው ዓመታት የሄዱት።

የከተማ ቤት ሲወረስ ያችም ቤት የቀበሌ ሆነች። እነሱ ኪራዩን ለቀበሌ እየከፈሉ ሥራቸውን ቀጠሉ። መከራው የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ሞላ ስልጠና ደርሶ ሲመለስ ነው። ሞላ ባዳ አይደለም። በልጅነቱ በገበያነሽ በር እየገባ የቀይ ወጥ መረቅ በእንጀራ ሲጠርግ ያደገ ነው።

«ጭቁኑን ሕዝብ ለሁለት የከፈለው ይህ ግድግዳ ነው» አለ መጥቶ። «ከእንግዲህ አንድ ማድ ቤት፣ አንድ ድስት። የኅብረት ምግብ ቤት ይባላል።»

«ሥጋውንስ ማን ይባርከዋል?» አለች ዘይቱና።

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«በስመ አብም የለ፣ ቢስሚላህም የለ። ይታረዳል፣ ይሠራል፣ ይበላል። አለቀ።»

ገበያነሽ ሳቋ አመለጣት። «እንዲህ ከሆነማ ጅብ ጥራበት ልጄ። እሱ ማን አረደው ብሎ አይጠይቅህም።»

ሞላ አልሳቀም። ድሮ ቢሆን ይስቅ ነበር። «ምግብ ቤቱ ከሠራ ሁለታችሁም ሠራተኛ ሆናችሁ ትኖራላችሁ» አለ። «አልሠራም ያለች ግን ጓዳዋን ለቃ ትውጣ።»

ዘይቱና ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ያች ጓዳ ብቻ ናት። ቀን የሠራችበትን ቤት ማታ ትተኛበታለች። እህት የላት፣ ወንድም የላት። ስለዚህ ግድግዳው ሲፈርስ ድስቷን ብቻ አሸሸች።

የተመረቀው ሰኞ ዕለት ነው። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፣ ንግግር ተደረገ። በሬውን አንድ አብዮት ጠባቂ ጣለው፤ አፉን እንደ ዘጋ አረደው። ዘይቱና ሽንኩርቱን አቁላላች፤ ሥጋው ሲገባ ግን ፊቷን አዞረች፣ ገበያነሽ አማሰለች።

እኩለ ቀን ላይ ገበሬው መጣ። ቦሩ ሜዳ የሚኖሩት ሽማግሌ አባ ሰይድ ከኩታበሩ ወዳጃቸው ከአቶ ቀለሙ ጋር መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ዘይቱናዬ፣ ሌላው በር የት ገባ?» አሉ አባ ሰይድ።

«አንድ ሆነ፣ አባባ።»

«ቢላውስ የማን ነው?»

ዘይቱና መሬት መሬት አየች። መዋሸት ትችል ነበር፤ እሳቸው አምነዋት ይበሉ ነበር። አልዋሸችም።

«የማንም አይደለም፣ አባባ።»

«አሏህ ያግራልሽ» አሉ፣ ተመለሱም። ሁለቱ ሽማግሎች ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አቶ ቀለሙ ከስልቻቸው ያወጡትን የባቄላ ቆሎ መቆርጠም ጀመሩ። ያየ ሁሉ ተከተላቸው። ገበያው በሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም፣ ያ ሁሉ ወጥ እሳት ላይ ቀረ።

ሞላ ፊቱ ጠቆረ። ትሪ አስወጥቶ ገበያተኛው ፊት አስቀመጠው።

«ሠራተኛው ራሱ ያልቀመሰውን ማን ይበላል? ዘይቱና፣ ጀምሪ።»

«አልበላም።»

«እንግዲያው ቤቱን ልቀቂ።»

«እለቃለሁ። ወላሂ አልበላም።»

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ዕቃዋን ሊያወጡ ወደ ጓዳ አለፉ። ያኔ ገበያነሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ትሪው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አንዳችን ከበላን ይበቃል አይደል ሞላ? ሁለታችንም እንቀመጣለን?»

ሞላ ዙሪያውን አየ። «ይበቃል» አለ፤ እሱም ጨንቆት ነበር።

«ገቤ፣ ተይ!» አለች ዘይቱና።

«አንች ዝም በይ! የምትሄጅበት አለሽና ነው? እኔ የንስሐ አባት አለኝ፤ ይፈቱኛል።»

ጎረሰች። ደገመች። አቶ ቀለሙ የዘገኑትን ቆሎ ወደ ስልቻው መልሰው ተነሡ።

በሚቀጥለው ሰኞም የመጣ የለም። እየበሉ የሰነበቱት አብዮት ጠባቂዎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሰለቻቸው። ቀዩ ጨርቅ በዝናብ ነጣ፣ ቤቱ የማሽላ መጋዘን ሆነ፤ ሁለቱም ሴቶች ውጡ ተባሉ። የተጎረሰው ጉርሻ ለማንም አልሆነ።

ገበያነሽ እህቷ ቤት ገባች። ቄሱ ጾምና ስግደት ሰጥተው ፈቷት። እህቷ ግቢ ድስት ብትጥድ ግን የሚቀምስላት ጠፋ፤ «የቀበሌ ሥጋ የበላችው» የሚል ስም ወጥቶላታል።

ዘይቱና ኮምቦልቻ ወረደች። የአሰብ መኪናዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ቤት ሠራች። ሙቀቱ ያነድዳል፤ ሥራው ግን አለ፣ ሾፌር ይበላል። እንደ ምንም ስትቋቋም ጭቃ አስረገጠችና መሐሉን በጭራሮ ከፍላ በገዛ እጇ ለሰነችው። ማዶ ሁለተኛ ምድጃ ሠራች፣ በግራ በኩል በር አስከፈተች፣ ከምድጃዎቹ በላይ ጭብጥ የምታሳልፍ ቀዳዳ ተወች። ከዚያ በሺር በሚባል ደንበኛዋ በሆነ ሾፌር ወደ ደሴ ላከች፤ «ቤትሽ ደርሷል፣ ነይ በላት።»

ገበያነሽ መጣች። ከስታለች። ግድግዳውን አየችና ቀዳዳዋ ውስጥ እጇን ሰደደች።

«አንች እብድ! ቀዳዳዋንም አልረሳሽ!»

«ፍሙን በምን ላሻግር ኖሯል?»

በማግስቱ ሁለቱም ድስት ጣዱ። ገበያነሽ ጠቦት በክርስቲያን አሳርዳ ቀይ ወጥ ሠራች፤ ሽታው መንገድ ድረስ ይጣራል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያን ሾፌሮች በግራው በር ብቅ አሉ። አንዱ ደሴዬ አየት አደረጋትና ለጓደኛው በጆሮው አንድ ነገር አለው። ሁለቱም ወጥተው በቀኙ በር ዞረው ገቡ።

«እትዬ፣ ሽሮ አለሽ?» አሏት ዘይቱናን።

«ሽሮ? የፍስክ ቀን አይደለም እንዴ ዛሬ?»

«ሽሮ አማረን።»

ዘይቱና ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣችባቸው። «ስለ እኔ ነው የበላችው! ሰምታችኋል? እኔ እንዳልባረር ብላ ነው! ቄሱ የፈቱትን እናንተ ማን ናችሁ?»

«እኛ ምን አልን እትዬ?» አለ ደሴዬው፣ አንገቱን ደፍቶ። «ሽሮ ነው ያልን።»

ሌሎቹም ያው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሽሮ አለቀ፤ ማዶ ያለው ድስት እንደሞላ ቀዘቀዘ። ሲመሽ ገበያነሽ በቀዳዳዋ ተናገረች።

«ቄሱ ፈቱኝ ዘይቱ። ገበያው ነው ያልፈታኝ።»

«አብሽሪ። ነገ ሌላ ሰው ይመጣል።»

«አንችንም በእኔ ሰበብ ይሸሹሻል።»

«ይሽሹ!»

ጠዋት ዘይቱና ስትነሣ የማዶው ድስት ታጥቦ ተደፍቷል። ገበያነሽ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደሴ ወጥታለች። ዘይቱና በበሺር ላከች፣ እንደገና ላከች፤ አልመጣችም።

ያች ግማሽ ቤት እስከ ዛሬ እንደተዘጋች ናት። ጠላ ሻጭ ለምናታለች፣ ጎማ የሚለጥፍ ሰው ለምኗታል፤ ሁሉንም «ሰው አለበት» ብላ ትመልሳለች። ጠዋት ጠዋት እሳቷን ስታያይዝ ፍም በገል ታነሣና በቀዳዳዋ ታሻግራለች። ማዶ ምድጃው ላይ ያርፋል። የሚያራግበው ስለሌለ ትንሽ ቀልቶ ይከስማል።