የስምንተኛው ኮምፒውተር ደንበኛ

ያዕቆብ ፎቶውን አጉልቶ እንዳየ ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ። ሩቲ ናት፣ የኳየሩ ሩቲ። ፊቱ የእሷ፣ ከአንገት በታች ያለው ራቁት ገላ ግን ከየትም ተለቅሞ የተቀጠለ። ከሥሩ የተጻፈውን እዚህ መድገም አፍ ማቆሸሽ ነው።

በእነ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን የተጫጩ ልጆች ስማቸው ሦስት እሑድ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያሳውቅ ይባላል። የሩቲና የእጮኛዋ የቃለሕይወት ሁለቴ ተነቧል፣ ነገ የመጨረሻው ነው። በመሐሉ ይህን ፎቶ የያዘ ስም የለሽ ኢሜይል ለሽማግሌዎቹም ለሙሽራውም ይጎርፍ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ጋብቻው ይቁም አይቁም ለመወሰን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይሰበሰባሉ። ፒያሳ ላይ ኢንተርኔት ቤት ያለው ያዕቆብ ነውና ላኪውን አጣራልን ብለውታል።

ምኑን ያጣራል! የላኪው አድራሻ አንድ ቀን ጀርመን፣ አንድ ቀን ሮማንያ ይላል። ዘዴውን ያዕቆብ አሳምሮ ያውቀዋል። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ፌስቡክ ሲዘጋ፣ መልእክትን በሦስት አገር አዙሮ ላኪውን የሚሰውር ፕሮግራም በስምንቱም ኮምፒውተሮቹ ላይ የጫነው እሱ ነው። አንድ ተማሪ በጻፈው ጽሑፍ ከዚሁ ወንበር ተነሥቶ ሲወሰድ ካየ ወዲህ ስም አይመዘግብም፣ ማን ምን ሠራ አይልም። ኩራቱም ይኸው ነበር። ሰሞኑን ላኪው ማን ነው ብሎ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ቢጽፍላቸው፣ "ተጠቃሚዎቻችንን አናውቅም፤ ማወቅም አንፈልግም" ብለው መለሱለት። እሱ ለደንበኞቹ የሚለው ቃል በቃል ይኸው ስለሆነ አፈረ።

ፎቶውን መልሶ ሲያሳንሰው በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች የወረደች ቀጭን መስመር አየ። የእሱ ስካነር መስታወት ላይ ያለው ጭረት ናት። ማስረጃ ስካን የሚያስደርገው ሰው ሁሉ ይቺን መስመር አጥፋልኝ እያለ ሲነዘንዘው ነው የኖረው።

የሩቲ ፊት የተቆረጠበትን የኳየሩን ፎቶ ያመጣለት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጸሎት ቡድኑ አስተባባሪ፣ ወንድም ገብሬ። ለቤተ ክርስቲያኑ መጽሔት ነው ብሎት ያዕቆብ በገዛ እጁ ስካን አድርጎ በፍላሽ ሰጠው። ጥግ ላይ በኮምፔርሳቶ የተከለለውን ስምንተኛውን ኮምፒውተርም ለስብከት ዝግጅት ብሎ የለቀቀለት ራሱ ነው። የጌታን ወንድም ምን ትሠራለህ ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎት ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየውም።

ሩቲ ሰባት ሰዓት ላይ መጣች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። ገብሬ ይጠላሽ ነበር ወይ አላት።

"ባለፈው ዓመት፣ ጌታ አንቺን ለሚስትነት አሳይቶኛል አለኝ። ለእኔ አላሳየኝም አልኩት።" ገብሬ ወደሚቀመጥበት ጥግ ዞራ አየች። "ከአንተ ቤት ነው እንዴ የወጣው?"

ያዕቆብ አንገቱን ደፋ።

"ሰው መደበቅህን አልጠላም። ወንድሜም እዚህ ቁጭ ብሎ ስንቱን ጽፏል፣ አልተያዘም። ግን ወንድም ያዕቆብ፣ የምትደብቀው ማንን እንደሆነ አንዴ እንኳ ማየት አቃተህ?"

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ገብሬ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ጌታ ይባርክህ እያለ የገባው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ያዕቆብ መስመሯን አሳየው። ይክዳል ሲባል ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጸጥታ ቢሮ እንደሚሠሩ ታውቃለህ አይደል? ከእኔ ቤት ወጣ ካልክ፣ በምን ፕሮግራም ወጣ ይሉሃል። ቤትህ ይታሸጋል፣ አንተም እስር ቤት ትገባለህ። ለአንተ ብዬ ነው።"

እጁን ያዕቆብ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። ያዕቆብ ያንን እጅ አንሥቶ ጣለው፣ መዳፉንም ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ገብሬ ፈገግ ብሎ፣ እንግዲህ ስብሰባው ላይ እንገናኛለን ብሎት ሄደ።

ያዕቆብ ሁሉንም አጥፍቶ ዝም ማለት አማረው። ሚስቱን፣ ሁለቱን ልጆቹን አሰበ። ማን ያያል? ማንም። ይህን ሲያስብ ግን እንደ ገብሬ የሚያስብ መሰለውና ራሱን ተጸየፈ።

ደንበኞቹን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ከሰባቱ ኮምፒውተሮች ላይ ፕሮግራሙን አንድ በአንድ ነቀለ፤ እዚያ የጻፉት ምንም አልበደሉምና ዱካቸው እንዳይገኝ። ስምንተኛውን ግን ከፍቶ የተቀጠሉትን ፎቶዎች አገኘ፤ እንዳለም ተወው። ገመዱን ፈትቶ ታቅፎት ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል፤ ገብሬም ጥግ ይዞ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጧል። ያዕቆብ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ ጸጥታ ቢሮው ሽማግሌ ዞረ።

"ከእኔ ቤት ነው የወጣው። በምን እንደወጣና ማን እንደላከው ላሳይዎት።"