ሁለተኛው ማረፊያ

ሰው እንዴት የውሻውን ኩስ በፕላስቲክ አሳምሮ ቋጥሮ ዛፍ ላይ ይሰቅላል? ሜዳ ላይ ቢተወው እኮ ዝናቡ ያጥበው ነበር። ዓርብ ጠዋት ብቻ አሥራ አንድ ከረጢት አወረድኩ፤ አንዱ እጄ ላይ ፈረጠ። በግሌን ፊያክ ርስት የእግርና የብስክሌት መንገዶች ጠባቂ ነኝ፤ የሠራኋቸውም እኔው ነኝ። ሰው ካስጠላኝ ቆይቷል።

ያን ቀን ግን ከወትሮው ይልቅ አንገፈገፈኝ። በማግስቱ ሽማግሌው ሩሪ በዚያ መንገድ ሊሸኙ ነው። አስፋልቱ ተራራውን ዞሮ ሐይቁ ዳር ካለው መቃብር ያደርሳል፤ እሳቸው ግን “በመኪና እንዳትወስዱኝ፣ እንደ አባቶቼ በትከሻ” ብለው ተናዝዘው ነው የሞቱት። የጥንቱ የሬሳ መንገድ ሦስት ማረፊያ አለው። በየማረፊያው ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን አውርደው አንድ አንድ ጉንጭ ዊስኪ ይቀምሳሉ፤ ከዚያ ሁሉም እዚያ ባለው የድንጋይ ክምር ላይ አንድ ድንጋይ ይጨምርና ጉዞው ይቀጥላል። ዛሬ በዚሁ መንገድ ላይ ለእግረኛ አረንጓዴ፣ ለብስክሌት ቀይ ምልክት ተተክሏል።

ባለቤታቸው ኤፊ “መንገዱ መጽዳቱን በዓይኔ ካላየሁ አላምንህም” ብለው በከዘራ እየተደገፉ ተከተሉኝ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።

የመጀመሪያው ክምር ጀርባ ሶፍት ተበትኗል። ከሶፍቱ ሥር ያለው የውሻ አልነበረም። በአካፋ ዛቅሁትና ቆሜ አፈጠጥኩበት።

“ይኼን ያደረገው ሰው እናት የለውም?” አልኩ።

“ሆድ አለው” አሉ ኤፊ። “ምን ታፈጥበታለህ? ቅበረውና ና።”

ሁለተኛው ማረፊያ ስንደርስ ክምር የሚባል የለም። እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለው ቀዩ መንገድ ብቻ ጥምዝ ብሎ ይወርዳል።

“ሁለተኛውስ የት ሄደ?” አሉ ኤፊ።

“ባለ ብስክሌቶቹ ናቸዋ። መዝለያ ሊሠሩበት አጋዙት። ይሉኝታ ቢሶች።”

“መቼ?”

“አምና በጋ ይመስለኛል።”

በከዘራቸው መንገዱን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። “ስድስት ዓመቱ ነው፣ ልጄ። በዚያች መቆፈሪያ መኪና ክምሩን ገፍተህ ረግረጉን ስትሞላበት፣ ሩሪ ከጓሯችን ቆሞ ያይህ ነበር።”

እውነታቸውን ነው። ባለ ርስቱ መንገዱ ለፋሲካ ይድረስ ብሎ አጣድፎኝ፣ ጠጠሩም ዘግይቶ፣ ክምሩ ደግሞ እዚያው አጠገቤ ነበር። ማን ያስታውሰዋል አልኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ በብስክሌተኞች ሳላክክ ኖሬ፣ በመጨረሻ እኔም ሳላምነው አልቀረሁም።

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“‘ገና አሁን ልጅ ወልዷል፣ ከሥራው ይባረራል’ አለ ሩሪ። እኔ ብሆን አልምርህም ነበር።”

ቅዳሜ ስምንት ሆነን ተሸከምናቸው። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ኤፊ “እዚህ አውርዱት” አሉ፤ ቀዩ መንገድ ላይ አወረድነው። ዊስኪው ዞረ። ሰዎቹ ከዳር ከዳር ድንጋይ እያነሱ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጡ። እኔም አንዱን ይዤ ስጠጋ ከዘራው ደረቴ ላይ አረፈ።

“አንተ አትጨምርም። የወሰድከውን አውጣ።”

ተንበረከክሁ። የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝና ጥንካሬውን አውቀዋለሁ። በሴንጢዬ ጠጠሩን ፈለቀቅሁ፣ ሴንጢው ሲጎብጥ በጥፍሬ ቀጠልኩ። ሰባቱ ሰዎች አቀርቅረው ይጠብቁኛል። ከላይ ስትወርድ የመጣች አንዲት ብስክሌተኛ ፍሬን ይዛ ከብስክሌቷ ወርዳለች፤ ቆቧን አውልቃ ዳር ቆማለች። የትናንቱ ሽታ አሁንም እጄ ላይ ያለ መሰለኝ፤ የሚያስጠላኝ ግን ሽታው አልነበረም። ራሴን ነው የተጸየፍኩት።

አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተላቀቀልኝ። ጭቃውን በሐዘን ኮቴ እጅጌ ጠርጌ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጥኩት።

“አንድ” አሉ ኤፊ፤ ሳጥኑንም እንድናነሣ ምልክት ሰጡን።